በጨለማ ያደሩ ሆስፒታሎች፤ ከሕክምና ቤት አደጋ ለነጋዴ የሚተርፍ ትምህርት

በየዓመቱ የሒሳብ መዝገብ በሚዘጋበት ጊዜ ነጋዴ ሁሉ ራሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ዘንድሮ ምን አተረፍሁ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ የማያንስ ክብደት ያለው ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ዛሬ ማታ አደጋ ቢደርስብኝ ነገ ጠዋት ሥራዬን በምን እቀጥላለሁ?» የሚለው ነው። ይህን ሁለተኛ ጥያቄ አንሥቶ መልሱን በወረቀት ላይ ያሰፈረ ነጋዴ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ጥያቄው የቅንጦት አለመሆኑን ለአዲስ አበባ ነጋዴ ማስረዳት አያስፈልግም። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ሰዎችን ድካም እንዴት አድርጎ እንደበላው ያየ ዐይቶታል፤ ያላየም ሰምቶታል። ከእሳት በኋላ የሚመጣው ጭንቀት የሸቀጡ ዋጋ ብቻ አይደለም። ማን ስንት ብር ዱቤ እንዳለበት፣ ለማን ምን ያህል እንደሚከፈል፣ ሠራተኛው በወሩ መጨረሻ ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ የሚለው ሁሉ አብሮ ይነሣል።

ስለዚህ ጉዳይ ስንጽፍ ምሳሌያችንን ከንግድ ቤት ሳይሆን ከሆስፒታል ለማምጣት ወደናል። ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሆስፒታል በሩን ዘግቶ «ነገ ተመለሱ» ለማለት የማይችል ቤት ነው፤ ስለዚህ ሥራ እንዳይቋረጥ የሚደረገው ዝግጅት በጎነቱም ሆነ ጉድለቱ ከሁሉ ይልቅ በእርሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሁለተኛ፣ ሆስፒታልን ከሐኪሙ ጀርባ ሆነው ሲመለከቱት እንደ ማንኛውም ትልቅ ንግድ ቤት ነው። መጋዘን አለው፤ ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ አለው፤ የደመወዝ መዝገብ አለው፤ ዕቃ የሚያቀርቡለት ነጋዴዎች አሉት። በዚያ ላይ የደረሰው በእኛም ቤት ሊደርስ ይችላል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

ውሃው ምድር ቤት በገባበት ሌሊት

በ2012 ኦክቶበር 29 ቀን ምሽት ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የባሕሩን ውሃ እየገፋ በኒው ዮርክ ከተማ ላይ አመጣው። በማንሃተን ደሴት ደቡባዊ ጫፍ የውሃው ከፍታ፣ ባሕሩ ዝቅ ከሚልበት ልክ ተነሥቶ ሲለካ፣ ከ4 ሜትር በላይ ደረሰ። በዚህች ደሴት ምሥራቃዊ ዳር፣ ኢስት ሪቨር ከተባለው ወንዝ አጠገብ፣ ሁለት ታላላቅ ሆስፒታሎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ኤን ዋይ ዩ ላንጎን የሚባለው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። ሁለተኛው በ1736 የተመሠረተውና በአሜሪካ አገር እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የሕዝብ ሆስፒታሎች አንዱ የሆነው ቤልቪው ነው።

ሁለቱም ቤቶች ዝግጅት አልነበራቸውም ለማለት አይቻልም። መብራት ቢጠፋ የሚተኩ ጀኔሬተሮች ነበሯቸው። ጀኔሬተር በጎርፍ እንደሚበላሽ ስለሚታወቅ ከምድር ከፍ አድርገው ሰቅለዋቸው ነበር፤ የቤልቪው ጀኔሬተሮች የነበሩት በ13ኛው ፎቅ ላይ ነው። ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው ሁሉ ነገር የተሟላ ይመስል ነበር።

ነገር ግን ጀኔሬተር ያለ ነዳጅ አይሠራም። ነዳጁ የሚጠራቀምበት ጋንና ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፕ የነበሩት በምድር ቤት ነው። ውሃው ምድር ቤቱን በሞላው ጊዜ ከላይ ያለው ሞተር ደኅና ሆኖ ሳለ ከታች የሚመጣለት ነዳጅ ተቋረጠ። በኤን ዋይ ዩ ላንጎን ሐኪሞችና ነርሶች ከ300 በላይ በሽተኞችን በዚያው ሌሊት በደረጃ እያወረዱ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ለማዛወር ተገደዱ። ከእነዚህ መካከል 20 የሚሆኑ ጨቅላ ሕፃናት ነበሩ። ትንፋሻቸው በመሣሪያ የሚደገፍላቸውን ሕፃናት ነርሶች አቅፈው፣ አየር የሚሰጠውን ከረጢት በእጃቸው እየጨመቁ፣ በባትሪ መብራት ዘጠኝ ፎቅ ወረዱ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ አንድም በሽተኛ ሳይሞት ሥራው መፈጸሙ የሠራተኞቹን ትጋት የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ትጋታቸው የፓምፑን ስሕተት አያስተባብልም።

በቤልቪው የሆነው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነበር። በዚያ ሆስፒታል ከ700 በላይ በሽተኞች ተኝተው ነበር። ፓምፑ በውሃ ሲዋጥ ሠራተኞችና የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በደረጃው ላይ ተሰልፈው ነዳጁን በዕቃ እየቀዱ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ፣ እስከ 13ኛው ፎቅ አደረሱት። የሊፍቶቹ ጉድጓዶች በውሃ ስለተሞሉ ሊፍት የሚባል አልነበረም። ጀኔሬተሩ በሰው ክንድ ኀይል እየተመገበ ጥቂት ቀን ቢያገለግልም ነገሩ ሊዘልቅ ስላልቻለ በሽተኞቹ ሁሉ በደረጃ ወርደው ወደ ሌላ ቦታ ተወሰዱ። ቤልቪው ሙሉ ሥራውን የጀመረው ከሦስት ወር በኋላ በፌብሩዋሪ 2013 ነው። የኤን ዋይ ዩ ላንጎን የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ደግሞ ዳግመኛ የተከፈተው በኤፕሪል 2014 ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ሆስፒታል ማደሻና ለወደፊት መጠበቂያ የሰጠው ገንዘብ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል።

እንግዲህ ነጋዴ ሆይ፣ ይህን አስተውል። ያንን ሁሉ ጥፋት ያስከተለው የጀኔሬተር መታጣት አይደለም። ጀኔሬተሩ ተገዝቶ፣ ተተክሎ፣ ተፈትሾ ነበር። የጎደለው ሰንሰለቱን እስከ መጨረሻው ቀለበት ድረስ ተከትሎ «ይህስ በምን ላይ ቆሟል?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ሰንሰለት የሚበጠሰው በወፍራሙ ቀለበት ሳይሆን በቀጭኑ ነው።

ያለፈው ዓመት ያሳሳታቸው

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለንግድ ሰው እጅግ የሚጠቅም ሌላ ነገር አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በኦገስት 2011፣ አይሪን የተባለ ዐውሎ ነፋስ ወደ ከተማው እየገሠገሠ ሲመጣ ኤን ዋይ ዩ ላንጎን በሽተኞቹን አስቀድሞ አዛውሮ ነበር። ነፋሱ ሲደርስ ግን ከተፈራው በታች ሆነ። ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ጠፋ፤ በሽተኞችም ከአልጋ ወደ አልጋ መዛወራቸው ራሱን የቻለ እንግልት ነበር። በ2012 ሳንዲ ሲመጣ የከተማው ባለሥልጣኖች ሆስፒታሎቹ በሽተኞቻቸውን አስቀድመው እንዲያወጡ አላዘዙም። በዚያው በማንሃተን የነበረው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ግን በራሱ ውሳኔ ማዕበሉ ከመድረሱ አንድ ቀን አስቀድሞ በሽተኞቹን ስላወጣ በጨለማ ደረጃ ላይ የሚንከራተት ሰው አልነበረውም።

ይህን የምናነሣው በማንም ለመፍረድ አይደለም። በሽተኛን ማዛወር በራሱ አደጋ ስላለው ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ነገር ግን የሰው ልብ እንዴት እንደሚታለል ያሳያል። ለጥንቃቄ የወጣ ገንዘብ አደጋው ሳይደርስ ሲቀር እንደ ኪሳራ ይቈጠራል። ዘበኛ ቀጥሮ ሌባ ያልመጣበት ሰው «ደመወዙን በከንቱ ከፈልሁ» ብሎ ቢያሰናብተው፣ ሌባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ሁላችንም እንናገረዋለን፤ ቅጠሉን ለመቁረጥ የሚከፈለውን ዋጋ ግን ስንከፍል እናጉረመርማለን።

በነፋስ የፈረሰ፣ በመዝገቡ የተረፈ

አሁን ደግሞ ዝግጅቱ የጠቀመውን ቤት እንመልከት። በ2011 ሜይ 22 ቀን፣ በዕለተ እሑድ፣ በሚዙሪ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በጆፕሊን ከተማ ላይ ከባድ ዐውሎ ነፋስ ወረደባት። በከተማው ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሴንት ጆንስ የተባለው ሆስፒታል በቀጥታ ተመታ፤ መስኮቶቹ ረገፉ፤ የመብራት መስመሩና ጀኔሬተሩ አብረው ጠፉ። በሆስፒታሉ ውስጥ የነበሩ አምስት በሽተኞችና አንድ ጠያቂ ሕይወታቸው አለፈ። የቀሩትን በሽተኞች ሠራተኞቹ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ከሕንፃው አወጧቸው። ቃሬዛ ባነሰ ጊዜ በርና ፍራሽ ሳይቀር መሸከሚያ ሆነ። ሕንፃው ዳግመኛ ሊያገለግል ስላልቻለ በኋላ እንዲፈርስ ተደረገ።

ይህ ቤት ሕንፃውን አጥቶ ሥራውን ያላጣው ስለ ምን ነው? ሦስት ነገሮችን እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው መዝገብ ነው። አደጋው ከመድረሱ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ፣ በሜይ 1 ቀን፣ ሆስፒታሉ የበሽተኞቹን መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር አዛውሮ ነበር። የኮምፒውተሩም ዋና ማኅደር የነበረው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ሳይሆን ከከተማው በጣም ርቆ በሌላ ስፍራ ነው። ስለዚህ የወረቀቱን መዝገብና የራጁን ፊልም ነፋሱ አንሥቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲበትነው፣ ሐኪሞቹ የማን ደም ከምን ዐይነት እንደሆነ፣ ማን ምን መድኀኒት ይወስድ እንደነበረ ከሌላ ቦታ ሆነው ለማንበብ ቻሉ። ሦስት ሳምንት ቢዘገዩ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አንባቢ ራሱ ይገምት።

ሁለተኛው ጊዜያዊ ቤት ነው። ትልቁ ሕንፃ እስኪሠራ ድረስ እንጠብቅ አላሉም። በሳምንቱ፣ በሜይ 29 ቀን፣ በድንኳን ውስጥ ሆስፒታል ከፈቱ። ከድንኳኑ ተነሥተው ደረጃ በደረጃ ወደተሻሉ ጊዜያዊ ቤቶች እየተዛወሩ በመጨረሻ በማርች 2015 አዲሱን ሆስፒታል አስመረቁ።

ሦስተኛው ደመወዝ ነው። የሆስፒታሉ ባለቤት የሆነው ድርጅት ከ2000 በላይ የሚሆኑትን የጆፕሊን ሠራተኞች አላሰናበተም፤ ደመወዛቸውንም እየከፈለ አቆያቸው። ይህ ርኅራኄ ብቻ እንዳይመስለን። ነርስና ሐኪም ሌላ ከተማ ሄደው ከተቀጠሩ በኋላ አዲስ ሕንፃ ቢሠራ ሕንፃው ባዶ ድንጋይ ይሆን ነበር። ሠራተኛን ማቆየት ሥራን ማቆየት ነው።

አንድ ፋብሪካ ሲዘጋ

አስመጪና ላኪ የሆናችሁ አንባብያን ከሁሉ ይልቅ ልብ የምትሉት የሚከተለውን ይሆናል ብለን እናምናለን። ሆስፒታል ራሱ ሳይነካ የአቅራቢው መጎዳት ሊጎዳው ይችላል።

በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ሄሊን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ሀገር ከባድ ጎርፍ አመጣ። በዚያ አገር ማሪዮን በምትባል ከተማ አጠገብ ባክስተር የተባለው ኩባንያ ፋብሪካ አለ። ይህ ፋብሪካ የሚያመርተው እኛ በተለምዶ ግሉኮስ የምንለውንና በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ከሚፈለገው የዚህ ዐይነት ፈሳሽ ውስጥ ከመቶ 60 እጅ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ከአንዱ ፋብሪካ ነበር። ጎርፉ ፋብሪካውን ዘጋው፤ ወደ እርሱ የሚያደርሰውንም ድልድይ አበላሸ። ከዚያ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው የሚገኙ፣ አንዲት የዝናብ ጠብታ እንኳ ያልነካቸው ሆስፒታሎች አስቸኳይ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ለሌላ ቀን እያስተላለፉ፣ መጠጣት የሚችለውን በሽተኛ ፈሳሽ በአፉ እንዲወስድ እያደረጉ፣ ያላቸውን ክምችት በቁጥር ማውጣት ጀመሩ። መንግሥትም ኩባንያው በሌሎች አገሮች ካሉት ፋብሪካዎቹ ዕቃ እንዲያስገባ ፈቀደ።

የሚያስደንቀው ነገር ይህ የመጀመሪያው አለመሆኑ ነው። በ2017 ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮ የተባለችውን ደሴት በመታ ጊዜ የዚሁ ኩባንያ ፋብሪካዎች በዚያ ስለነበሩ የአሜሪካ ሆስፒታሎች በአነስተኛ ከረጢት የሚመጣውን የጨው ውሃ አጥተው ተቸግረው ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ያው ትምህርት በሌላ ቦታ ተደገመ። ርካሽና ምቹ የሆነ አንድ አቅራቢ ካለ ሁሉም ወደ እርሱ ይሄዳል፤ እርሱ ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

ይህን ስናነብ የራሳችንን መንገድ ማሰብ ግድ ነው። የአገራችን የባሕር ንግድ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ይህን አንድ ነጋዴ ብቻውን ሊለውጠው አይችልም። ነገር ግን በየግሉ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ዋና ዕቃውን ከአንድ የውጭ ላኪ ብቻ የሚያስመጣ ሰው ቢያንስ ከሁለተኛው ላኪ ጋራ ተዋውቆ፣ ናሙና አስመጥቶ፣ በዓመት አንዲት ትንሽ ትእዛዝ እየሰጠ ቢያቆየው በችግር ቀን በሩን ሲያንኳኳ እንደ እንግዳ አይቈጠርም። የሁለተኛው ላኪ ዋጋ ጥቂት ከፍ ቢል ልዩነቱ ለመድን እንደሚከፈል ዐረቦን ሊታይ ይገባዋል።

ብዕርና ወረቀት

አደጋ ሲባል ውሃና እሳት ብቻ አይደለም። በ2021 ሜይ 14 ቀን የአየርላንድ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ኮምፒውተሮች በወንበዴዎች ተያዙ። ወንበዴዎቹ በሩቅ ሆነው መዝገቡን ቈልፈው መክፈቻውን በገንዘብ ሊሸጡ ሞከሩ። አገልግሎቱ የኮምፒውተሩን መረብ በሙሉ ለማጥፋት ተገደደ፤ ሐኪሞችም ወደ ብዕርና ወረቀት ተመለሱ። መንግሥት ገንዘብ አልከፍልም ባለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወንበዴዎቹ መክፈቻውን በነጻ ቢሰጡም ነገሩን ሁሉ ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ፈጅቷል።

በዚህ ቀን የተጠቀመው ባዶ ፎርም በመሳቢያው ያስቀመጠና በእጅ መጻፍ ያልረሳ ክፍል ነው። ዛሬ ሽያጩን በማሽን፣ ክፍያውን በስልክ፣ የመጋዘን ቆጠራውን በኮምፒውተር የሚያደርግ ባለሱቅ መረቡ አንድ ቀን ሙሉ ቢጠፋ በምን እንደሚሸጥና እንዴት እንደሚመዘግብ አስቦበታልን? የተቈጠረ የወረቀት ደረሰኝና የዋና ዋና ደንበኞች ስልክ የተጻፈበት አንድ ገጽ ብዙ ወጪ አያስወጣም።

ስለ መዝገብ ስንናገር የራሴን ጥፋት ሸሽጌ ሌላውን ላስተምር አይገባኝም። በምሠራበት ንግድ ቤት የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና የባንክ ወረቀት ሁሉ በሁለት ቅጂ እንዲቀመጥ አሠሪዬ አዝዘውኝ ነበር። እኔም ትእዛዙን ፈጽሜ ዋናውንና ቅጂውን በየዓመቱ ለይቼ አሳምሬ ደረደርሁ። ያስቀመጥሁት ግን ሁለቱንም በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች አድርጌ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ከላይ ካለው ፎቅ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ሰኞ ጠዋት ስንገባ ዋናውም ቅጂውም ረጥቦ አንድ ላይ ተጣብቆ አገኘነው። ሳምንት ሙሉ በክፍሉ ውስጥ ገመድ ወጥረን ወረቀቱን እንደ ልብስ ስናሰጣ ሰነበትን፤ ከፊሉም ሊነበብ አልቻለም። አሠሪዬ የተናገሩኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ልጄ፣ ሁለት አላደረግኸውም፤ አንዱን ነው ያወፈርኸው» አሉኝ። ስለ ኒው ዮርኩ ፓምፕ ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ ይህ ቃል ነው።

ነጋዴ ምን ያድርግ?

ሆስፒታሎች ይህን ሁሉ ካዩ በኋላ ያደረጉት ነገር አለ። በአሜሪካ በ2016 በወጣው ደንብ መሠረት ከመንግሥት የሕክምና መድን ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ሊደርስበት የሚችለውን አደጋ መርምሮ ዕቅድ መጻፍ፣ ሠራተኛውን ማስተማርና ዕቅዱን በልምምድ መፈተን ግዴታው ሆኗል። ጀኔሬተርም በየወሩ ጭነት ተሸክሞ ግማሽ ሰዓት ያህል እየሠራ ይፈተሻል። ለእኛ ለነጋዴዎች እንዲህ ያለ ደንብ ባይኖርም ሐሳቡን ወስደን በየመጠናችን ልንሠራበት እንችላለን።

አንደኛ፣ የማይቋረጠውን ሥራ እንለይ። ሆስፒታል በጨለማ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው በመሣሪያ የሚተነፍሰውን በሽተኛ ነው፤ የቢሮው ሥራ ይቈየው። ነጋዴም ቢሆን ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ሊያድን አይችልም። ለአስመጪው ወደብ ላይ ቆሞ በየቀኑ ኪራይ የሚቈጥርበት ዕቃ፣ ለላኪው ቀን የተቈረጠለት ጭነት፣ ለባለሱቁ በብርድ ቤት ያለው ሸቀጥ ቀዳሚ ሊሆን ይችላል። ሦስት ወይም አራት ነገር ተመርጦ በቅደም ተከተል ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ሰንሰለቱን እስከ ሥሩ እንከተል። በባንክ የሚፈርመው አንድ ሰው ብቻ ነውን? እርሱ ቢታመምስ? የካዝናው መክፈቻ በማን እጅ ነው? ሁለተኛው መክፈቻስ በዚያው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አይደለምን? ዕቃችንን የሚያወጣልን ትራንዚተር አንድ ብቻ ነውን? እሳት ማጥፊያው ከተቀመጠበት ፊት ለፊት ካርቶን ተደርድሮበት ይሆንን? ለእያንዳንዱ መልስ «እርሱስ በምን ላይ ቆሟል?» እያሉ መጠየቅ ነው።

ሦስተኛ፣ የመዝገቡ ቅጂ በሌላ ጣራ ሥር ይደር። የዱቤ መዝገብ፣ የኪራይ ውል፣ የንግድ ፈቃድ፣ የመድን ውልና የዕቃ ቆጠራ ቅጂ ከሱቁ ርቆ በመኖሪያ ቤት ወይም በሌላ ሰፈር ይቀመጥ። በወር አንድ ጊዜ መታደሱን የሚከታተል ሰው በስሙ ይመደብ፤ የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይደለምና።

አራተኛ፣ ስለ መድን ውል ነው። ብዙ ሰው መድን ከገባ በኋላ ዐይኑን ጨፍኖ ይተኛል። መድን የተቃጠለውን ዕቃ ዋጋ ይከፍል ይሆናል እንጂ ሁለት ወር ሱቁ ተዘግቶ ሳለ ወደ ሌላ ቤት የሄደውን ደንበኛ መልሶ አያመጣም። ውሉ የሸቀጡን ዋጋ ብቻ የሚመለከት ወይም ሥራ በመቋረጡ የሚቀረውን ገቢ የሚጨምር መሆኑን መድን ሰጪውን ዛሬ ጠይቆ መረዳት ነገ ከመከራከር ይሻላል።

አምስተኛ፣ የሠራተኛው ነገር ነው። የጆፕሊን ሆስፒታል እንዳደረገው በርከት ላለ ጊዜ ደመወዝ ለመክፈል የሚችል ነጋዴ ብዙ ላይኖር ይችላል። የአንድ ወይም የሁለት ወር ደመወዝ የሚሆን ገንዘብ ከዕለት ሥራው ለይቶ ማስቀመጥ ግን ትንሹም ሱቅ በዝግታ ሊደርስበት የሚችል ነገር ነው።

ስድስተኛ፣ የጎረቤት ስምምነት ነው። የኒው ዮርክ በሽተኞች የተረፉት የሌሎች ሆስፒታሎች በር ስለተከፈተላቸው ነው። በዚህ ረገድ እኛ ከማንም የምንማረው ብዙ የለም፤ ዕድርን የምናውቅ ሕዝብ ነንና። ዕድር የሚቋቋመው ሰው ከሞተ በኋላ አይደለም፤ ድንኳኑም ብረት ድስቱም አስቀድሞ ተገዝቶ ይቀመጣል። ታዲያ ለቀብር ያሰብነውን ለንግዳችን ለምን አናስብም? በአንድ ተራ የሚሠሩ ነጋዴዎች አንዱ ሱቅ ሲጎዳ ሌላው ለስንት ቀን መደርደሪያና መጋዘን እንደሚያውሰው ዛሬ በሰላሙ ቀን ቢስማሙ ምን ይጎዳቸዋል?

ሰባተኛውና የመጨረሻው መሞከር ነው። ያልተሞከረ ዕቅድ ወረቀት ነው። በዓመት አንድ ቀን፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ሰሞን፣ «ዛሬ መብራትም ኮምፒውተርም የለም፤ አለቃውም ታሟል» ብሎ ሥራውን ለግማሽ ቀን ማካሄድ ነው። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ የሚገኘው ጉድለት በእውነተኛው ቀን ከሚገኘው እጅግ ይረክሳል።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ለትላልቅ ድርጅቶች እንጂ ለእንደ እኔ ያለው ባለ አንድ በር ሱቅ አይደለም» ይል ይሆናል። እኛ ግን ተቃራኒው እውነት ነው እንላለን። ኤን ዋይ ዩ ላንጎን ሲጎዳ መንግሥት በቢሊዮን በሚቈጠር ገንዘብ ረድቶታል። ባለ አንድ በር ሱቅ ሲጎዳ ከራሱ ዝግጅትና ከጎረቤቱ በቀር የሚረዳው ማን ነው? ትንሽ የሆነ ሁሉ ሁለት ጊዜ ለመውደቅ ዐቅም የለውም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። አንባብያን ይህን ጋዜጣ አጥፈው ከማስቀመጣቸው በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን። ይኸውም ተነሥተው የንግድ ቤታቸውን ዋና መዝገብ ያለበትን ስፍራ፣ ቀጥሎም ቅጂው ያለበትን ስፍራ በዐይናቸው እንዲያዩ ነው። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር ከሆኑ የዛሬው ሥራ ከዚያ ይጀምራል።